«ስክሩድ ዘ ፑች» ምን ማለት ነው? ውሻውስ ከየት መጣ?

ሌሊት_ተረኛ (ቨርጂኒያ)

ሰላም ለቤቱ። ሥራዬ የሌሊት ፈረቃ ነው፤ ሰርቨር እንጠብቃለን። ከኛ ጋር ያለ አንድ አንጋፋ ኢንጂነር መጥፋት የሌለበትን ማሽን አጠፋና በቡድኑ ቻት ላይ «አይ ስክሩድ ዘ ፑች» ብሎ ለጠፈ። ሁሉም ሳቀ፣ ማሽኑ ተነሣ፣ ነገሩ አለፈ። እኔ ግን አባባሉ ከጭንቅላቴ አልወጣ አለ። «ፑች» ውሻ ነው አሉ፤ በቁልምጫ፣ እኛ ቡቺ እንደምንለው። «ስክሩ» ደግሞ ጋራዥ ቤት ቪቴ የሚሉት አይደለም እንዴ? ውሻን በቪቴ ማጥበቅ ከሰርቨር ጋር ምን አገናኘው? ትርጉሙንም አመጣጡንም የምታውቁ አስረዱኝ። እኔ ብጠቀመውስ ነውር ነው?

የፒያሳ_ልጅ

ቪቴ! በሳቅ ገደልከኝ። ወንድሜ፣ እዚህ ጋ «ስክሩ» ሌላ ሥራ ነው የሚሠራው፤ ውሻው ላይ ምን እንደደረሰ አንተው ገምት። ትርጉሙ «ጉድ ሠራሁ» ነው፣ አለቀ። «ፎረሸ» እንዳልልህ፣ ፎረሸ ስንል ነገሩ በራሱ ጊዜ የከሸፈ ያስመስላል። እዚህ ላይ ጥፋተኛው ስሙም አድራሻውም ታውቋል።

አወያይ

ክሩ ይቀጥል። አባባሉ ብልግና እንዳለበት ገብቶናል፤ ልጆችም ስለሚያነቡ በዘወርዋራ አስረዱ።

ቃል_ለቃሚ (ቶሮንቶ)

የፒያሳ ልጅ ትርጉሙን ጨርሶታል፤ እኔ ትንሽ ልጨምርበት። ለማንኛውም ስህተት አይባልም። ቡና ብትደፋ፣ መንገድ ብትስት፣ የሰው ስም ብትረሳ ማንም ውሻውን አያነሣም። ሥራው የአንተ መሆኑ የታወቀ፣ ልትወጣው የሚገባህን ነገር በገዛ እጅህ ስታበላሽ ነው፤ ያውም የማያዳግም ሆኖ። ለዚህ ነው አብራሪዎችና ወታደሮች የወደዱት።

አመጣጡ ላይ ደግሞ ነገሩ ይጥማል። (ዓመቶቹን በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው።) ዛሬ «ማበላሸት» የሆነው አባባል መነሻው «ሥራ መፍታት» ነበር። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ዘመን የአሜሪካ ወታደሮች የሚለግመውንና ጊዜ የሚገድለውን ሰው «ውሻውን እያበላ ነው» ይሉት ነበር። ይሄ እንግዲህ ለእናት የሚነገረው ነው። ባለጌው ወንድሙ፣ በኤፍ የሚጀምረው፣ በ1935 በታተመ ስለ አሜሪካ ሠራተኞች የሚተርክ ልቦለድ ውስጥ በጽሑፍ ይገኛል፤ እዚያም ቢሆን ትርጉሙ እየሠሩ መስሎ መለገም ነው። እዚህ ካናዳ ኮንስትራክሽን ላይ የሚሠራ ሀበሻ ካለ ይመስክርልኝ፦ ባለጌው አባባል ዛሬም አለቃ ዞር ሲል ቁጭ ማለት ነው እንጂ ሥራ ማበላሸት አይደለም። አንድ ቃል ድንበር ተሻግሮ ሁለት ጠባይ ይዞ ይኖራል።

ከዚያ «ስክሩ» እና «ፑች» ገቡ። «ስክሩ» ያው ነው፣ ግን አንድ ደረጃ ለዘብ ይላል። «ፑች» ደግሞ ልጆች የሚሉት ነው፤ ነገሩን ወደ ቀልድ ይወስደዋል። በዚያ ላይ ድምፁ ይመታል፦ ሩ፣ ፑ። ግጥም የለመደ ጆሮ ይህን አይስትም፤ እንደኔ አባባሉ ዕድሜ ያገኘውም በዚህ ነው።

ማን አለዘበው ለሚለው፣ የቋንቋ ሰው የሆነው ቤን ዚመር በ2014 ስሌት መጽሔት ላይ የተከታተለው ወሬ አለ። በ1950 ዬል ዩኒቨርሲቲ ውስጥ አንዱ ተማሪ ሥራውን ሲያጓትት ጓደኛው በባለጌው አባባል ይገሥጸዋል። ተገሣጩ «ምነው፣ ለዘብ አድርገህ ተናገር» ሲለው ያኛው ወዲያው «ስክሩ» እና «ፑች» ብሎ አስተካከለለት። ልብ በሉ፣ እዚህም ላይ ትርጉሙ መለገም ነው። ይህን የተረከው ባለታሪኩ ራሱ ነው፣ ያውም ከብዙ ዓመታት በኋላ፤ የማስታወስ ነገር ስለሆነ ከነጨውና በርበሬው ውሰዱት። ደስ የሚለው ግን ያ የተገሠጸው ተማሪ በኋላ ጠፈር ለሚላኩት ቺምፓንዚዎች ልብስ ሲነደፍ የተሳተፈ ሰው መሆኑ ነው። አባባሉ ወደ ጠፈር ሰዎች መንደር የገባበት በር ይህ ከሆነ መንገዱ አጭር ነው።

አዲስ_ገባ

ይቅርታ ግን ላይካን ረስታችኋል። ራሺያዎች ውሻዋን ጠፈር ላኳት፣ አበላሹት፣ ሞተች። አሜሪካኖች ለማሾፍ «ውሻዋን እንዲህ አደረጓት» አሉ። ቲክቶክ ላይ በደንብ ተብራርቷል።

ቃል_ለቃሚ (ቶሮንቶ)

ወንድሜ፣ ታሪኩ ያምራል፤ ዘመኑ ግን እምቢ ይላል። ላይካ በስፑትኒክ 2 የተላከችው ኖቬምበር 3 ቀን 1957 ነው። የአባባሉ ባለጌ አባት በ1935 ታትሟል ብለናል፤ አባት ከልጁ ምክንያት በፊት ተወልዶ አደገ ማለት ነው። ደግሞም ላይካ ላይ ማንም «ተሳሳተ» አልተባለም። መመለሻ ሳይሠራላት እንደምትሞት ታውቆ ነው የተላከችው። እንደታሰበው ቀናት አለመቆየቷና በሙቀት በሰዓታት ውስጥ መሞቷ እስከ 2002 ተደብቆ ነበር፤ ያልተሰማ ስህተት ላይ ደግሞ ማንም ተረብ አይፈጥርም።

የፒያሳ_ልጅ

ላይካን ነፍስ ይማር። ቲክቶክንም።

ጡረተኛው_መካኒክ

ልጆች፣ ጥሩ ጨዋታ ይዛችኋል። ዕድሜዬን በአውሮፕላን ጥገና የጨረስኩ ሰው ነኝ፤ ይህን አባባል ከአንድ አሜሪካዊ አሠልጣኝ አፍ ስሰማ ገና ጢም አላበቀልኩም። ቃል ለቃሚ የቃሉን ዘር ቆጥሮልናል፤ እኔ ደግሞ ቃሉ የተለጠፈበትን ሰው ልንገራችሁ። ሕዝቡ አባባሉን ያወቀው በእሱ ጀርባ ነውና።

ገስ ግሪሶም ይባላል። አሜሪካ መጀመሪያ ወደ ጠፈር ልትልካቸው ከመረጠቻቸው ሰባት ሰዎች አንዱ፣ የኢንዲያና ልጅ፣ ኮሪያ ጦርነት ላይ 100 ግዳጅ የበረረ የአየር ኃይል አብራሪ። ቁመተ አጭር፣ ነገር የማያበዛ ሰው። አለን ሼፐርድ ሜይ 5 ቀን 1961 ወጥቶ በሰላም ተመለሰ፤ ጁላይ 21 የግሪሶም ተራ ሆነ። መንኮራኩሩ ደወል ስለሚመስል «ሊበርቲ ቤል 7» ተባለ፤ የፊላደልፊያውን የነፃነት ደወል ስንጥቅ ሳይቀር በነጭ ቀለም ሥለውበታል። (ባሕር ላይ በሚያርፍ ዕቃ ላይ ስንጥቅ መሣል ምን የሚሉት ጨዋታ ነው? እኔ ሃንጋር ውስጥ አልፈቅድም።)

በረራው ሩብ ሰዓት ገደማ ነው። ሁሉም ሰላም። አትላንቲክ ላይ በዣንጥላ አረፈ። ችግሩ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው፤ የበሩ አሠራር አዲስ ነበር። በሩን የያዙት 70 ብሎኖች ናቸው። ከውስጥ አንድ መምቻ አለ፤ እሱን ስትመታው ፈንጂ ገመዱ ብሎኖቹን በአንዴ ይበጥሳል፣ በሩም ተወርውሮ ይሄዳል። (ሌሊት ተረኛ፣ ይኸው ብሎንህ ተገኘ።) ግሪሶም ሄሊኮፕተሩ እስኪደርስ የመሣሪያዎቹን ንባብ መዘገበ፣ የመምቻውን መጠበቂያ ፒን አወጣ፣ ተንጋሎ መጠበቅ ያዘ። በሩ ጧ! ብሎ ሄደ። ባሕሩ ገባ። እሱም ዘሎ ወጣ።

የመጀመሪያው ሄሊኮፕተር መንኮራኩሩን አንጠልጥሎ ሊያወጣ ታገለ። ውሃ የሞላው ብረት ከበደ፣ የሞተር ማስጠንቀቂያ መብራት በራ፣ አብራሪው ለቀቀው። በዚህ መሃል ሰውየው ራሱ እየሰመጠ ነበር፤ የልብሱ የኦክስጅን ማስገቢያ ክፍት ስለነበር አየሩ ወጥቶ ውሃ ይገባበታል። ሁለተኛው ሄሊኮፕተር ደርሶ ጎትቶ አወጣው። መንኮራኩሩ ግን ወደ ታች ወረደ።

እንግዲህ አስቡት። የሀገሪቱ ሁለተኛ ጠፈርተኛ፣ ዓለም እያየ፣ መንኮራኩር አስጥሞ ተመለሰ። ቶም ዎልፍ በ1979 «ዘ ራይት ስተፍ» የተባለውን መጽሐፍ ሲጽፍ ይህን ምዕራፍ በአብራሪዎቹ አፍ ተረከው፦ ግሪሶም ውሻውን እንዲያ አድርጎታል አለ። በ1983 ፊልም ሆኖ ወጣ፤ ፊልሙ ደግሞ ባሰበት፣ ግሪሶምን ድንጉጥ አድርጎ ሣለው። ከዚያ ወዲህ ነው አባባሉ ከሃንጋርና ከካምፕ ወጥቶ ቢሮ የገባው። የሌሊት ተረኛ ኢንጂነርም የወረሰው ከዚያ ይመስለኛል።

ተጠራጣሪው (ዴንቨር)

ጋሼ፣ በአክብሮት ልጠይቅዎት። ውስጥ የነበረው እሱ ብቻ ነው። ፒኑንም ያወጣው እሱ ነው። መምቻው ጎኑ ነው ያለው። ክንዱ ነክቶት ቢሆንስ? በር በራሱ ጊዜ ይፈነዳል ብለው ነው? ዎልፍ ያለው ከባድ ቢሆንም ሐሰት ነው ለማለት ማስረጃ ያስፈልጋል።

ጡረተኛው_መካኒክ

ጥያቄህ የመካኒክ ጥያቄ ነው፣ ተባረክ።

ፒኑን ማውጣቱ ጥፋት አይደለም፤ የሥራው ቅደም ተከተል ነው። መርማሪዎቹም በሩ ከውስጥ ሳይመታ የሚፈነዳበትን መንገድ ደጋግመው ሞክረው አላገኙም። እስከዚህ ድረስ ነገሩ ላንተ ያጋድላል።

አሁን ግን እጁን ተመልከት። ያ መምቻ ሲመታ መልሶ ይመታል። ጆን ግሌን ፌብሩዋሪ 1962 ከበረራው ሲመለስ በሩን በመምቻው ከፍቶ የጣቱ አንጓ ተላጠ። ዋሊ ሺራ ኦክቶበር 1962 መርከቡ ላይ ከደረሰ በኋላ ሆን ብሎ መታው፤ እጁ ቆሰለ፣ በለዘ። ሺራ ይህን ያደረገው ለጓደኛው ብሎ ነው፤ መምቻውን የነካ ሰው ምልክት እንደሚቀርበት ለማሳየት። ግሪሶም ከባሕር ሲወጣ ሐኪሞች አገላብጠው መርምረውታል፤ እጁም ክንዱም ላይ እንዲህ ያለ ጭረት አልተገኘበትም። ሃንጋር ውስጥ ብትሆን ይህን ምን ትለው ነበር? እኔ ሰውየው አልነካውም እላለሁ።

ታዲያ ማን ፈታው? በ2021 የድሮውን የነፍስ አድን ፊልም በዛሬ ኮምፒውተር አጥርተው ያዩ ተመራማሪዎች ጣታቸውን ወደ ሄሊኮፕተሩ ቀስረዋል። የሚሽከረከር ክንፍ ኤሌክትሪክ ያከማቻል፤ ስታቲክ የሚሉት። ሠራተኛው የመንኮራኩሩን አንቴና ለመቁረጥ መቁረጫውን ሲያስጠጋ ያ ኤሌክትሪክ ወርዶ ፈንጂውን ለኩሶት ይሆናል ነው የሚሉት። ሄሊኮፕተር ሥር ሆኖ መንጠቆ ያያያዘ ሰው ያ ነገር እንዴት እንደሚያንዘረዝር ያውቀዋል፤ ስለዚህ እኔ አልገረመኝም።

ሌላው ምስክር ናሳ ራሱ ነው። ውሻውን እንዲያ ያደረገ ሰው ድጋሚ መሪ ይሰጠዋል? ግሪሶም ማርች 1965 ጀሚኒ 3ን አዛዥ ሆኖ አበረረ። ከዚያም የአፖሎ 1 አዛዥ ተደረገ። የጠፈርተኞቹ አለቃ ዲክ ስሌተን ኋላ እንደጻፈው፣ ግሪሶም በሕይወት ቢኖር ጨረቃን መጀመሪያ የሚረግጠው እሱ እንዲሆን ነበር ምርጫው።

አልኖረም። ጃንዋሪ 27 ቀን 1967 እዚያው መሬት ላይ፣ ለልምምድ መንኮራኩሩ ውስጥ ተዘግቶባቸው ሳለ እሳት ተነሣ፤ ከኤድ ዋይትና ከሮጀር ቻፊ ጋር ሞተ። ውስጡ በንጹሕ ኦክስጅን የተሞላ ነበር። በሩ ደግሞ ወደ ውስጥ የሚከፈት ዓይነት ነው፤ የውስጡ ግፊት ሲጨምር ማንም ሊስበው አይችልም። በዚያኛው ጊዜ ያለጊዜው በተከፈተ በር ስሙ ጠፋ፤ በዚህኛው በሩ አልከፈት አለ። ከዚያ በኋላ የተሠሩት የአፖሎ በሮች ወደ ውጭ የሚከፈቱ፣ በሰከንዶች የሚፈቱ ሆኑ።

የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል ይላሉ። ግሪሶም ላይ ግን ሞቶ 12 ዓመት ካለፈው በኋላ፣ መልስ መስጠት በማይችልበት ጊዜ ነው መጽሐፉ የወጣበት። ዎልፍን በጽሑፉ አደንቀዋለሁ፤ በዚህ ግን አላመሰግነውም።

ተጠራጣሪው (ዴንቨር)

የእጁን ነገር አላውቅም ነበር። የስታቲኩ ግን «ይሆናል» ነው። «አልነካውም» እና «ሄሊኮፕተሩ ነው» ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ የመጀመሪያውን እቀበላለሁ፣ ሁለተኛውን ይቆየኝ።

ጡረተኛው_መካኒክ

ይቆይህ፤ እኔም ከዚህ በላይ አልገፋም።

የለንደን_ዝናብ

ከዚህ ማዶ ልናገር። እንግሊዝ ሀገር ያ ውሻ የሚታወቀው ከአሜሪካ ፊልም ነው። እዚህ የሚጣለው «ክላንገር» ነው፤ «ሺ ድሮፕድ አ ክላንገር» ይሏታል። ብረት ወለል ላይ ሲወድቅ የሚሰማው ጩኸት ነው ቃሉ። ሰው በተሰበሰበበት የማይባለውን ብለሽ ክፍሉ ጸጥ ሲል፣ ያ ነው ክላንገር። መንኮራኩር ማስጠም አይሆንም፤ ለሙሽራዋ የበፊቱን ፍቅረኛዋን ሰላምታ ማድረስ ይሆናል።

ከሁሉ የምወደው ግን «ሂ ፑት ሂዝ ፉት ኢን ኢት» የሚሉትን ነው፤ እግሩን ከተተበት። ብዙ ሰው ጭቃ ወይም እበት ይመስለዋል። ዊልያም ቲንዴል፣ መጽሐፍ ቅዱስን ወደ እንግሊዝኛ የመለሰው፣ በ1528 ባሳተመው መጽሐፍ የጻፈው ነገር አለ፦ ገንፎው ሲያር ወይም ሥጋው ከመጠን በላይ ሲጠበስ፣ ሕዝቡ «ጳጳሱ እግሩን ድስቱ ውስጥ ከቷል» ይላል። ለምን? ጳጳሳቱ የጠሉትን ሁሉ ስለሚያቃጥሉ። ሰዉ የሚናገረው እሳት ላይ ሰው በሚጣልበት ዘመን ነው፤ ቀልዱ ምን ያህል መራራ እንደሆነ አስቡት። ቲንዴል ራሱ በ1536 ብራስልስ አጠገብ ቪልቮርዴ ላይ ታንቆ ተቃጠለ። ከ200 ዓመት በኋላ፣ በ1738፣ ጆናታን ስዊፍት የትልልቅ ሰዎችን የሳሎን ወሬ ባላገጠበት ድርሰቱ ውስጥ ክሬሙ አረረ ሲባል መልሱ «ጳጳሱ እግሩን ከቶበት ነው» የሚል ነው። ማቃጠሉ ቀርቶ ወሬው ተረፈ። የዛሬው አባባል የዚያ ልጅ ነው አይደለም በሚለው ሰዎቹ ይከራከራሉ፤ ወጥ ባረረብኝ ቁጥር ጳጳሱን ከመጥራት ግን የሚያግደኝ የለም።

የፒያሳ_ልጅ

እኅቴ፣ ይሄ ከውሻው ይበልጣል። እኛ ቤት ወጥ ሲያር ስልክ ነው የሚወቀሰው።

ሚኒያፖሊስ_ነርስ

የጠያቂው ሁለተኛው ጥያቄ ተረሳ፦ ብጠቀመው ነውር ነው ወይ? እኔ 3ኛ ፎቅ የምሠራ ነርስ ነኝ፤ እንዲህ ያለውን በየቀኑ እሰማለሁ። ከሥራ ባልደረባ ጋር፣ ከእኩያ ጋር፣ ቡና ላይ፣ ስለ ራስህ ስትናገር ይቻላል። «አይ» ብለህ ከጀመርክ ቀልድ ነው። «ዩ» ብለህ ከጀመርክ ስድብ ነው፤ ትርጉሙ «ሥራህን ገደል ከተትከው» ይሆንብሃል። ለአለቃ ኢሜይል ላይ አይጻፍም። በሽተኛ ፊት፣ ደንበኛ ፊት፣ ቤተ ክርስቲያን ግቢ በፍጹም። ደግሞ አንድ ነገር ልብ በል፤ የሀገሬው ሰው ሲለው ቀልድ የሆነ ነገር እኛ በአክሰንታችን ስንለው ሰው ቀና ብሎ ያያል። ፍትሐዊ አይደለም፤ ግን እንዲህ ነው።

በምትኩ «አይ ድሮፕድ ዘ ቦል» በል። ኳሱን ጣልኩ። ለአለቃም፣ ለፈረቃ ርክክብም፣ ለኢሜይልም ይሆናል። ከዚያም «አይ ዊል ፊክስ ኢት» ጨምርበት።

አዲስ_ገባ

ኳስ መጣል ምኑ ነው ስህተቱ? በረኛ ካልሆነ በቀር ኳስ በእጅ መያዝ ራሱ ፋውል ነው።

ሚኒያፖሊስ_ነርስ

የአሜሪካኖቹን ኳስ ነው የምልህ፤ በእጅ የሚቀበሉትን። ደረትህ ላይ የመጣልህን ኳስ ጣልክ ማለት ሁሉም ሰው ሥራውን ሠርቶ አንተ ጋ ሲደርስ ወደቀ ማለት ነው። ለዚህ ነው ርክክብ ላይ የሚጥመው፦ የሌሊቷ ነርስ ነግራኛለች፣ እኔ ለሐኪሙ አልነገርኩም፣ ኳሱ ወደቀ።

ሌሊት_ተረኛ (ቨርጂኒያ)

ይሄ ለኛም ሥራ ይሆናል፤ ፈረቃ ስንቀያየር የሚወድቀው ብዙ ነው። «ስናፉ» የሚሉትስ? እሱንም እሰማለሁ። ውሻ አለበት?

ጡረተኛው_መካኒክ

ውሻ የለበትም፤ ኤፍ ግን አለበት። የአምስት ቃላት መጀመሪያ ፊደሎች ናቸው፤ ሲተረጎም «ሁኔታው እንደወትሮው ነው፤ ሁሉም ነገር ተበላሽቷል» እንደ ማለት። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የአሜሪካ ወታደሮች የወታደራዊ ሪፖርት አጻጻፍ ላይ ያሾፉበት ነው። ጦሩ ራሱ ወዶት ከ1943 ጀምሮ ለወታደሮቹ ማስተማሪያ «ፕራይቬት ስናፉ» የሚባል ካርቱን አሠርቷል፤ ሁሉን ነገር የሚያበላሽ ወታደር። ልዩነቱን ያዝ፦ ስናፉ ማንም ያላጠፋው፣ ድርጅቱ ራሱ የሚወልደው ዝብርቅ ነው። ውሻው ላይ ግን ባለቤት አለ።

የፒያሳ_ልጅ

እንግዲያ የቀበሌ ወረፋ ስናፉ ነው፤ ወረፋ ደርሶህ መታወቂያህን ቤት ረስተህ ከመጣህ ደግሞ ውሻው ነው።

ቃል_ለቃሚ (ቶሮንቶ)

ከዚህ የተሻለ የመዝገበ ቃላት ፍቺ አላየሁም።

ሌሊት_ተረኛ (ቨርጂኒያ)

ጋሼ መካኒክ፣ አንድ ነገር ብቻ። ያ ደወል የሚመስለው መንኮራኩር እስከ ዛሬ ባሕር ውስጥ ነው?

ጡረተኛው_መካኒክ

ወጥቷል። ጁላይ 20 ቀን 1999፣ ከ38 ዓመት በኋላ፣ ከ4,500 ሜትር በላይ ጥልቀት ካለው ቦታ በገመድ ጎትተው አወጡት። ውስጡ ጭቃ ሞልቶት፣ ግሪሶም ለማስታወሻ ይዟቸው የሄደ የዳይም ሳንቲሞች ተገኙ። በሩ ግን አልተገኘም፤ ነገሩን ሁሉ ሊፈታ የሚችለው ዕቃ እሱ ነበር። አሁን ካንሳስ ውስጥ ሃቺንሰን የምትባል ከተማ፣ ኮስሞስፌር በሚባል ሙዚየም ተቀምጧል። ዴንቨር ላይ ያለኸው ወዳጄ፣ ላንተ የአንድ ቀን መንዳት ነው፤ ሄደህ የበሩን አፍ በዓይንህ እየው።

ተጠራጣሪው (ዴንቨር)

በመኪና ሰባት ስምንት ሰዓት ነው፤ ሜዳው ያስተኛል እንጂ። እሄዳለሁ። ግሪሶም ራሱስ ስለዚያ ቀን ምን ይል ነበር? ይናደድ ነበር?

ጡረተኛው_መካኒክ

«ዝም ብዬ ተኝቼ ነበር፣ ፈነዳ» ከማለት ሌላ ቃል አልለወጠም፤ እስከሚሞት። ሲቀልድ ግን ይቀልድ ነበር። ጀሚኒ 3ን ከጆን ያንግ ጋር ሲያበር ለመንኮራኩሩ ስም እንዲያወጣ ዕድል ተሰጠው። «ሞሊ ብራውን» ብሎ አቀረበ፤ ከታይታኒክ የተረፈችው፣ «የማትሰምጠዋ» የሚሏት ሴትዮ።

ሌሊት_ተረኛ (ቨርጂኒያ)

ናሳ ፈቀደለት?

ጡረተኛው_መካኒክ

አለቆቹ ፊታቸውን አጠቆሩና ሌላ ስም አምጣ አሉት። ሁለተኛ ምርጫዬ «ታይታኒክ» ነው አላቸው። ሞሊ ብራውን ጸደቀች።